ከመድኃኒቱ በፊት ሚዛኑ፦ የሐምስተር ጥገኛ ተባዮች ዳሰሳ

ሐምስተር ሰው ቤት የገባው በጥገኛ ተውሳክ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ የነበረው ሳውል አድለር ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያጠናው ከቻይና በሚመጣ የሐምስተር ዝርያ ላይ ነበር። ያ ዝርያ ተዘግቶበት አልራባ ስላለው በአቅራቢያው የሚገኝ ምትክ ፈለገ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ እስራኤል አሃሮኒ በ1930 ወደ ሶርያ ሄዶ፣ ሐለብ አጠገብ ካለ የስንዴ ማሳ አንዲት እናት ከ11 ግልገሎቿ ጋር አስቆፍሮ አወጣ። ከግልገሎቹ ጥቂቶች ብቻ ተርፈው እርስ በርስ ተዋለዱ። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው ወርቃማ ሐምስተር ከሞላ ጎደል የእነዚያ የጥቂቶቹ ዘር ነው። አድለር በ1931 የተወሰኑትን ወደ እንግሊዝ ወሰደ፤ ከቤተ ሙከራ ወደ ልጆች መኝታ ክፍል የሚወስደው መንገድም በዚያው ተጠረገ። ታሪኩ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አይደለም። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚጥለው ካላዛር በቤተ ሙከራ ሲጠና ዛሬም ከሚመረጡት እንስሳት አንዱ ይኸው ሐምስተር ነው፤ ጣፊያና ጉበት ማበጡን፣ ክብደት መቀነሱን፣ ቀስ በቀስ መክሳቱን በራሱ ሰውነት ላይ ሰው ላይ እንደሚታየው አድርጎ ያሳያልና።

ይህ አመጣጥ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ጥላ ጥሎብናል። ስለ ሐምስተር ተባዮችና ትሎች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በመቶዎች ተፋፍገው ከሚኖሩባቸው የምርምር ማራቢያዎች ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም ያለ አንድ ልጅ ግን በአንድ ጎጆ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር አንዲት ሐምስተር ነው ያለው። በማራቢያ ውስጥ ትል ከተገኘ ጥያቄው መንጋውን እንዴት እናጽዳ ነው፤ ጥናቱ ሁሉ እንዳይበላሽ ለሁሉም መድኃኒት ማጠጣት ያስኬዳል። በመኖሪያ ቤት ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህች አንዲት እንስሳ ታማለች ወይ፣ ያመማትስ ይኼ ነው ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች ሳይለዩ ቀርተው የማራቢያው ልማድ ወደ ቤት ሲገባ «የቱን መድኃኒት ላድርግላት» የሚለው ይቀድማል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። በሐምስተር ገላ ላይ ተባይ መኖሩና ሐምስተሩ በተባይ መታመሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እንስሳው ደግሞ ከማነሱ የተነሣ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ከተባዩ ይብስበታል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ማይክሮስኮፑና ሚዛኑ መቅደም አለባቸው።

ነገሩ ከቆዳው ቢጀመር ይሻላል፤ ማስረጃው እጅግ ግልጽ የሆነው እዚያ ነውና። ዴሞዴክስ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ማይቶች በሐምስተር ላይ በሁለት ዓይነት ይገኛሉ። ዴሞዴክስ አውራቲ ረዘም ያለ ሆኖ የጸጉር ሥር ውስጥ ይኖራል፤ ዴሞዴክስ ክሪሴቲ ደግሞ አጠር ብሎ በቆዳው ላይኛ ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያርፋል። ግልገሎች ጡት ሲጠቡ ከእናታቸው ይወስዷቸዋል። ጸጉራቸው ያልሳሳ፣ የማያካቸው፣ ጤነኛ ሐምስተሮች ቆዳ ተፍቆ ሲታይ እነዚህ ማይቶች በብዛት ይገኙባቸዋል። ሊያስደንቀን አይገባም፤ የእኛም የአዋቂዎች ፊት የዴሞዴክስ ዘመዶች መኖሪያ ነው። በሽታ የሚሆነው ቁጥራቸው ሲበዛ ነው፣ የሚበዛውም የእንስሳው መከላከያ ሲደክም ነው። የታመመ ሐምስተር ወገቡና ዳሌው ላይ ጸጉሩ ይሳሳል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ፎረፎር መሳይ ቅርፊት ይጥላል፤ ማሳከኩ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው ወይም ጭራሽ የለም። ይህ የሚታይበት ሐምስተር አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ተኩል ያለፈ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ዓመት ብቻ ለሚኖር እንስሳ ይህ እርጅና ነው። ኩላሊቱ የደከመ፣ ከኩላሊቱ በላይ ባለው አድሬናል ዕጢ ላይ እብጠት የወጣበት፣ ወይም ምግቡ የጎደለ ሊሆን ይችላል። የዴሞዴክስ መብዛት እንግዲህ ከሥር ያለን ሌላ ነገር የሚናገር ምልክት ነው። ማይቱን ገድሎ ኩላሊቱን ያልመረመረ ሕክምና ጸጉሩን ለጥቂት ሳምንታት ቢመልስ እንኳ እንስሳውን አልመለሰም። የእንስሳት ሐኪሞች በዕድሜ የገፋ ሐምስተር በዴሞዴክስ ሲመጣላቸው ከቆዳው አልፈው ሆዱን የሚዳብሱት፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

የጸጉር መመለጥ ሁሉ ደግሞ የማይት ሥራ አይደለም። ወርቃማው ሐምስተር በሁለቱም ጎኑ ላይ ጠቆር ያለ፣ አንዳንዴ ቅባታም የሆነ ነጠብጣብ አለው፤ ክልሉን በጠረን የሚያስታውቅበት ዕጢ ነው፣ በወንዶቹ ላይ ጎላ ይላል። የድንክ ዝርያዎች ዕጢ ሆዳቸው መካከል ነው። ይህን ቁስል ወይም መዥገር ብለው በአልኮል የሚፈትጉ አሉ፤ ያኔ እውነተኛ ቁስል ይሆናል። ከጥድና ከሴዳር እንጨት የተሠራ ሰጋቱራ ሽታው የሚጥም ቢመስልም ተናኙ ዘይቱ ቆዳንና መተንፈሻን ያስቆጣል፤ እንስሳው ሲያክ ሰው ተባይ ይፈልጋል፣ መፍትሔው ግን ጉዝጓዙን መቀየር ነበር። ጭርት በሐምስተርም ላይ ይወጣል፤ ፈንገስ ስለሆነ የማይት መድኃኒት አይነካውም፣ ወደ ልጆች እጅም ይተላለፋል። በምግቡ ውስጥ ፕሮቲን ያነሰው ሐምስተር ጸጉሩ ይሳሳል። በሸመገሉት ላይ ደግሞ የቆዳ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ልክ እንደ እከክ ጸጉር እያራገፈ፣ እያሳከከና እያቆሰለ ይመጣል። እነዚህን ሁሉ ከዴሞዴክስ የሚለየው ቀላል ሥራ ነው፦ ሐኪሙ በምላጭ ዳር ቆዳውን ትንሽ ደም እስኪያዥ ይፍቃል፣ የተፋቀውን ከማዕድን ዘይት ጠብታ ጋር መስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ያያል። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህ ካልተደረገ የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ ዕጣ መጣል ነው።

ከዴሞዴክስ ውጭ ያሉት ማይቶች ብዙ ባያጋጥሙም ሲመጡ ፈጥነው ይታወቃሉ። ኖቶኤድረስ የሚባለው የእከክ ተባይ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ እግርንና የብልትን አካባቢ ይዞ ወፍራም ቢጫ ቅርፊት ያበቅላል፤ ማሳከኩ ብርቱ ነው። ሳርኮፕተስ ደግሞ የሰውም እከክ የሚመጣበት ዘር ነው። ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ግን የሞቃት አገር የአይጥ ማይት ነው። ይህ ተባይ ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ከእንስሳው ይወርድና በጎጆው ስንጥቅ፣ በግድግዳ ቀዳዳ፣ በዕቃ ሥር ይደበቃል። በቀን ሐምስተሩን ቢፈትሹት ምንም አይገኝበትም፤ የቤቱ ሰዎች ግን ሌሊት ተነክሰው ያድራሉ። እንስሳውን ብቻ ማከም እዚህ ላይ ከንቱ ድካም ነው። ተባዩ የሚኖረው በቤቱ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያመጡትም በጣሪያና በምድር ቤት የሚመላለሱ የዱር አይጦች ናቸው፤ እነሱ ካልተዘጉ ነገሩ ይመለሳል። ቁንጫም እንደዚሁ የጎረቤቱን ድመትና ውሻ እንጂ ሐምስተሩን የሚያስወቅስ ነገር አይደለም።

ወደ አንጀት ስንገባ ክርክሩ ይበረታል፤ «ትል» የሚለው ቃል ከማይት ይልቅ ያስደነግጣልና። በሐምስተር አንጀት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሲፋሲያ የተባሉ ነጫጭ፣ ክር መሰል ትሎች ናቸው። ሴቷ ትል ከፊንጢጣ ወጥታ ዙሪያውን እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሌላውን ለመያዝ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት በሰገራ ምርመራ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል፤ የሚገኘው ግልጽ ስኮች ፊንጢጣው አጠገብ ተለጥፎ ከተነሣ በኋላ መስታወት ላይ ተጣብቆ ሲታይ ነው። አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ምንም ምልክት አያሳዩም። ሕፃናትን ሌሊት የሚያሳክከው የሰው ትል ሌላ ዘር ነው፤ ሐምስተር ለልጁ አልሰጠውም፣ ልጁም ለሐምስተሩ አይሰጠውም። ጃርዲያና ሌሎች በማይክሮስኮፕ የሚታዩ አንድ ሕዋስ ተውሳኮችም ጤነኛ በሆነ ሐምስተር ሰገራ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ተቅማጥ ሳይኖር መገኘታቸው ብቻውን ለመድኃኒት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ትኩረት የሚገባው ድንኩ የኮሶ ትል ነው። አማርኛችን ኮሶ ሲል የሚያስበው ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን፣ ሜትሮች የሚረዝመውን የበሬ ትል ነው፤ የሐምስተሩ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ከሥጋ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እንደ አብዛኞቹ ኮሶዎች በመካከል አስተናጋጅ ማለፍ የግድ አይለውም፤ ከሰገራ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አፍ ሊመለስ ይችላል፣ እዚያው አንጀት ውስጥ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ራሱን ሊያባዛም ይችላል። ሌላም መንገድ አለው፦ በእህልና በዱቄት ውስጥ የሚኖረው ነቀዝ እንቁላሉን ይውጣል፣ ሐምስተሩ ነቀዙን ከእህሉ ጋር ይበላል። በሰው ላይ ይህ ትል በዓለም ከሁሉ የበዛው ኮሶ ሲሆን በኢትዮጵያም በተማሪዎች የሰገራ ምርመራ በየጊዜው ይገኛል። በሰውና በአይጥ ወገን መካከል ምን ያህል እንደሚተላለፍ ተመራማሪዎች ቢከራከሩበትም የሚተላለፍ አድርጎ መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ሲገኝ መታከም አለበት፤ ፕራዚኳንቴል ይገድለዋል። ለሰው እንኳ ለዚህ ድንክ ትል የሚታዘዘው የፕራዚኳንቴል መጠን በኪሎ 25 ሚሊ ግራም ሲሆን ለበሬው ኮሶ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ይበቃል። አንድ ስም የያዙ ሁለት ትሎች እንኳ በመድኃኒት መጠን እንዲህ ይለያያሉ፤ የቱ እንደሆነ ሳያዩ መስጠት ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

የአንጀቱን ጉዳይ ይበልጥ የሚያከብደው እርጥብ ጅራት የሚባለው በሽታ ነው። ጡት በጣለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ግልገል ድንገት ያስቀምጠዋል፣ ከጅራቱ ሥር ይረጥባል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ሰው ይህን አይቶ የትል መድኃኒት ይሮጣል። የበሽታው ምክንያት ግን ባክቴሪያ ነው፣ ላውሶኒያ ይባላል፤ የሚያስፈልገው ፈጥኖ ፈሳሽ መተካትና ሐኪም የመረጠው አንቲባዮቲክ ነው። «ሐኪም የመረጠው» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን ለሐምስተር መርዝ ናቸው፤ የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አጥፍተው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለውን ያነግሡና በቀናት ውስጥ ይገድሉታል። እንዲያውም ሰዎች አንቲባዮቲክ ወስደው የሚይዛቸው ብርቱ የአንጀት ሕመም ከዚህ ባክቴሪያ እንደሚመጣ በ1970ዎቹ የታወቀው በሐምስተሮች ላይ በተደረገ ምርምር ነው። ለልጅ ተገዝቶ ከተረፈ ሽሮፕ ጥቂት ጠብታ «አይጎዳም» ብሎ መስጠት ይህን ሙከራ ቤት ውስጥ መድገም ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ለማይት አብዝቶ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ነው። ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት፣ በኢትዮጵያም ኦንኮሰርካ የተባለ ትል ባለባቸው አካባቢዎች ሕዝብ በየዓመቱ የሚወስደው ታላቅ መድኃኒት ነው። ለሐምስተር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መጠን በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ወርቃማ ሐምስተር 120 ግራም ቢመዝን፣ ከፍተኛው መጠን 0.048 ሚሊ ግራም ይሆናል። በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ለበሬና ለበግ የሚሸጠው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይዟል፤ ስለዚህ ሐምስተሩ የሚያስፈልገው 0.0048 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ባለ አንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ ካለው ትንሹ ጭረት ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንድ ጠብታ ግን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፦ ከሚገባው አሥር እጥፍ። 40 ግራም ለሚመዝን ድንክ ሐምስተር ያችው ጠብታ ከሠላሳ እጥፍ ትበልጣለች። በዝቶ ሲገባ ወደ አንጎል ዘልቆ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ከዚያም ራስን መሳት ያመጣል። ሐኪሙ መድኃኒቱን በተገቢ ፈሳሽ በልክ አቅጥኖ የሚሰጠው፣ ወይም ለትናንሽ እንስሳት ቀድሞ የተመጠነ ፈሳሽ አንገቱ ጀርባ ላይ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ከብት ላይ መዥገር ለመግደል የሚረጨው አሚትራዝ ደግሞ ለዴሞዴክስ በሐኪም እጅ ተበርዞ ያገለግላል፤ ነገር ግን ያደነዝዛል፣ የልብ ምትን ይቀንሳል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ በተፈጥሯቸው ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ድንክ ዝርያዎች ደግሞ አሉ። የድመትና የውሻ የቁንጫ ማሰሪያ ቆርጦ ጎጆ ውስጥ መጣል፣ የቤት ተባይ መርጫ ጉዝጓዝ ላይ መንፋት ምንም የሚያሟግት ነገር የለበትም፤ መደረግ የለበትም።

ይህ የመጠን ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ሲጠጡ የኖሩት በዓይን ግምት ነው፤ ኮሶው ትሉን ይጥል ነበር፣ ነገር ግን ሲበዛ ሰውን አዝለፍልፎ የሚጥልበት፣ አንዳንዱንም የዓይን ብርሃን የሚያሳጣበት ጊዜ እንደነበር በሕክምና ተመዝግቧል። የስድሳ ኪሎ ሰው ያልቻለውን የግምት ስሕተት የመቶ ግራም እንስሳ እንዴት ይችለዋል?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ «በአገራችን ለተማሪዎች ሁሉ ሳይመረመሩ የትል መድኃኒት ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይደግፈዋል። ለልጅ የተፈቀደ ለሐምስተር ለምን ይከለከላል?» ተቃውሞው መልስ ይገባዋል። በትምህርት ቤት አልቤንዳዞል ሲታደል ሦስት ነገሮች በአንድነት አሉ፦ አካባቢው ትል የበዛበት መሆኑ በቅድሚያ ተጠንቶ ታውቋል፤ እያንዳንዱን ልጅ መመርመር ከመድኃኒቱ ይልቅ ይወደዳል፤ መድኃኒቱም በሚሊዮኖች ላይ ተሞክሮ በታወቀ መጠን የተዘጋጀ ነው። በአንዲት የቤት ሐምስተር ዘንድ ሦስቱም ይገለበጣሉ። የተዘጋ ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ስለምትኖር አዲስ ትል የምታገኝበት በር ጠባብ ነው። ምርመራው ቁራጭ ስኮችና ጥቂት ፍሬ ሰገራ ብቻ ይጠይቃል። መድኃኒቶቹም በአብዛኛው ለሌላ እንስሳ ተፈቅደው ለሐምስተር በሐኪም ኃላፊነት የሚሰጡ ናቸው፤ አሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ አሰጣጥ የወጣ የ1994 ሕግ አላት፣ ብሪታንያ ደግሞ ለትናንሽ የቤት እንስሳት አንዳንድ መድኃኒቶች ያለ ሙሉ የገበያ ፈቃድ እንዲሸጡ ትፈቅዳለች። ፈቃዱ መቅለሉ ግን ማስረጃው በዝቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ «ለጥንቃቄ» የሚሰጠው የትል መድኃኒት ለውሻ የሚኖረው ምክንያት ለሐምስተር የለውም። መድኃኒቱን በጅምላ መስጠት የሚያስኬደው ብዙ እንስሳት አብረው ሲኖሩና ከአንዱ ላይ ተባዩ በእርግጥ ሲገኝ ነው፤ ያኔ የተጋሩትን ሁሉ በአንድ ቀን ማከም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የሐኪሙ መታያ ከሐምስተሩ ዋጋ ይበልጣል፤ «ቢሞት ሌላ እንገዛለን» የሚል አለ። ይህን ንግግር ልጅ ፊት መናገር የሚያስተምረውን ወላጅ ያውቀዋል፤ እኔ ግን በሒሳብም እንደማያዋጣ ላሳይ። ዴሞዴክስ ከሆነ የሞተው እንስሳ ከሥር ባለው በሽታ ነው የሞተው፤ የጎደለ ምግብ ከነበረ አዲሱም ያንኑ ይበላል። ሲፋሲያ ወይም ድንኩ ኮሶ ከሆነ እንቁላሉ በጎጆው፣ በመሽከርከሪያው፣ በመኝታው ላይ ቀርቶ አዲሱን ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ከፍሎ ምክንያቱን ማወቅ ሦስት ጊዜ ከመግዛት ይረክሳል። ሦስተኛው ተቃውሞ «ተፈጥሯዊ» መፍትሔ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ የዕፅዋት ዘይት፣ የድንጋይ ዱቄት። ነጭ ሽንኩርት ከነዘመዶቹ የትናንሽ እንስሳትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። የዕፅዋት ዘይቶች ሐምስተሩ ራሱን ሲልስ ወደ ሆዱ ይገባሉ። ዱቄቱ ሌሊቱን ሙሉ አፈር ሲቆፍር ለሚያድር እንስሳ ሳንባ አይበጅም። ከተፈጥሮ መምጣት መጠንን አይተካም፤ ኮሶም ከተፈጥሮ ነው።

የልጆቹ ጉዳይ የመጨረሻው ተቃውሞ ሲሆን ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። አይጥን ከምግብ ማድጋ ሲያባርር ለኖረ ቤተሰብ የአይጥ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ በራሱ ጥርጣሬ ያሳድራል፤ በእስራኤል ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች የእንስሳት ማዕዘን ስላለ ልጁ ባይገዛም ሐምስተርን መንካቱ አይቀርም። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። ጭርት፣ እከክ፣ ድንኩ ኮሶ አሉ። ከተባዮቹ ወገን ባይሆንም በ2005 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሟች ለጋሽ የአካል ክፍል የተቀበሉ አራት ሕሙማን ከለጋሹ ቤት ሐምስተር በመጣ ቫይረስ ተይዘው ሦስቱ ሞተዋል፤ ለነፍሰ ጡሮችና መከላከያቸው ለደከመ ሰዎች የሐምስተር ጎጆ ማጽዳት የማይመከረው በዚያው ቫይረስ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ወደ አንድ መደምደሚያ አይወስድም፦ ለሐምስተሩ ሳይታይ መድኃኒት መስጠት። ልጁን ከኮሶ እንቁላል የሚጠብቀው ሐምስተሩን ከነካ በኋላ በሳሙና መታጠቡ፣ ጎጆው ወጥ ቤት ውስጥ አለመታጠቡ፣ እንስሳውን አለመሳሙ ነው። መድኃኒት የተሰጠው ሐምስተር ነገ ነቀዝ የበላ እህል ቢቀርብለት እንደገና ይያዛል፤ የታጠበ እጅ ግን ዛሬም ነገም ያው ጥበቃ ነው።

እንግዲህ መከላከል የሚባለው ከጠርሙስ ውጭ ያለው ሥራ ነው። አዲስ ሐምስተር ሲመጣ ከነበረው ተለይቶ በሌላ ክፍል ሦስት አራት ሳምንት ይቆይ፤ ስኮቹና ሰገራው የሚታየው በዚያ ጊዜ ነው። ወርቃማ ሐምስተሮች ካደጉ በኋላ ለየብቻ መኖር አለባቸው፤ አብረው ሲደረጉ ይጣላሉ፣ ቁስሉና ጭንቀቱ ለዴሞዴክስ በር ይከፍታል። እህሉ ነቀዝ በማይገባበት ክዳናም ዕቃ ይቀመጥ፤ ትንሽ ትንሽ ይገዛ። ጉዝጓዝና ድርቆሽ ውስጥ ማይት ከተጠረጠረ ለሁለት ቀናት ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ይጠቅማል፤ ለትል እንቁላል ሁሉ ግን ዋስትና አይሆንም። እዚህ ላይ በእህልና በድርቆሽ ላይ የሚርመሰመሱት ጥቃቅን የእህል ማይቶች እንስሳውን የሚበሉ አለመሆናቸውን መለየት ያሻል፤ የሚናገሩት ስለ እርጥበትና ስለ ቆየ እህል ነው። ጽዳቱም ልክ አለው። ሽንቱን የሚሸናበትን ጥግና የረጠበውን በየቀኑ ማንሣት ጥሩ ነው፤ ጎጆውን ሁሉ በየሳምንቱ ገልብጦ ማጠብ ግን ሽታውን ያጠፋበትና ያስጨንቀዋል፣ ጭንቀት ደግሞ መከላከያውን ያደክማል። ትል ተገኝቶ ሕክምና ሲጀመር ብቻ ሥርዓቱ ይለወጣል፦ ጉዝጓዙ በሙሉ ይጣላል፣ ዕቃው በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ሐምስተር የራሱን ፍሬ ሰገራ የሚበላ እንስሳ ስለሆነ ይህ ጽዳት በሕክምናው ጊዜ ይደጋገማል። ሐምስተሩን ራሱን ግን በውሃ ማጠብ በምንም ጊዜ አይገባም፤ ይቀዘቅዘዋል፣ ለገላው ንጹሕ የአሸዋ ሳህን ይበቃዋል።

መድኃኒቱ ከተጀመረም አንድ ጊዜ ሰጥቶ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። አይቨርሜክቲን የማይቱን እንቁላል ስለማይገድል ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ልዩነት ይደጋገማል፤ ዴሞዴክስ ላይ ሳምንታት ይፈጃል፣ የሚቆመውም ጸጉሩ ስለበቀለ ሳይሆን ቆዳው እንደገና ተፍቆ ማይት ሲጠፋበት ነው። በዕድሜ የገፋ ሐምስተር ጭራሽ ንጹሕ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ሐኪሙና ባለቤቱ የሚነጋገሩት ሳያሠቃየው አብሮት እንዲኖር ስለ ማድረግ ነው። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው ማንም ቤት የሚገኝ ዕቃ ነው፦ በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን። ሐምስተሩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጎ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ ሲነቃ መመዘንና ቁጥሩን መጻፍ። 120 ግራም የነበረ ሐምስተር 110 ሲገባ በዓይን አያስታውቅም፤ በስድሳ ኪሎ ሰው ላይ ቢሆን ግን አምስት ኪሎ መክሳት ነው። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ያ ደብተር፣ በዚያው ቀን የወጣ ፍሬ ሰገራ በንጹሕ ዕቃ፣ መስታወት ላይ የተለጠፈ ስኮች፣ የሚበላው ምግብና ጉዝጓዙ የተገዛበት ከረጢት አብረው ይሂዱ። የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በደብተሩ የመጨረሻ መስመር ላይ ባለው ቁጥር ነው።